ለልጅ የመኪና መቀመጫ እንዴት እንደሚመረጥ፣ እንደሚታሰርና እንደሚቀየር

ልጄ ሊወለድ አንድ ወር ሲቀረው እህቴ ከአሜሪካ የመኪና መቀመጫ ይዛ መጣች። በአርባኛው ቀን ለክርስትና ስንወጣ መቀመጫውን ከኋላ ወንበር ላይ አድርገን፣ የመኪናውን ቀበቶ አሳልፈን ቆለፍነው፤ ሁሉም ነገር የተሟላ መሰለን። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ መቀመጫው ከነልጁ ወደ ጎን ዘመመ። ባለቤቴ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ በሁለት እጇ ደግፋው ሄደች። መቀመጫው ጥሩ ነበር፤ መኪናውም ጥሩ ነበር፤ ሁለቱን ማገናኘት ግን አላወቅንበትም። ያን ጠዋት ማወቅ የነበረብኝን ነው እዚህ የምጽፈው።

በመጀመሪያ ስለ እቅፍ። ለሕፃን ከእናት እቅፍ የበለጠ መጠጊያ የለም ብለን ያደግን ሰዎች ነን። በመኪና ውስጥ ግን ይህ አይሠራም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝነውን ሕፃን ከመወርወር ለማዳን 200 ኪሎ የመሸከም ያህል ጉልበት ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ክንድ የለም። አዋቂና ሕፃን በአንድ ቀበቶ መታሰራቸው ደግሞ የባሰ ነው፤ የአዋቂው ክብደት በሙሉ ሕፃኑን በቀበቶው ላይ ይጨፈልቀዋል።

ደረጃ 1፦ ልጁን ይመዝኑ፣ ቁመቱንም ይለኩ

መቀመጫ የሚመረጠው በልደት ቀን ሳይሆን በክብደትና በቁመት ነው። እኩያ የሆኑ ሁለት ልጆች ፈጽሞ የተለያየ መቀመጫ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። እያንዳንዱ መቀመጫ ጎኑ ወይም ጀርባው ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ከስንት እስከ ስንት ኪሎ፣ ከስንት እስከ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚይዝ ይናገራል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ በፓውንድ ተጽፎ ያገኙታል፤ አንድ ፓውንድ ግማሽ ኪሎ አይሞላም፣ 0.45 ነው።

ደረጃ 2፦ ፊቱን ወደ ኋላ አድርገው ይጀምሩ፤ ለማዞርም አይቸኩሉ

የጨቅላ ራስ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው፤ አንገቱ ደግሞ ገና አልጠነከረም። ፊቱ ወደ መኪናው ኋላ ከሆነ፣ በግጭት ጊዜ ኃይሉ በጀርባው፣ በአንገቱና በራሱ ላይ ተሠራጭቶ መቀመጫው ይቀበለዋል። ፊቱ ወደፊት ከሆነ ግን ትከሻው ታስሮ ራሱ ብቻውን ይወረወራል። ይህን አሳብ ወደ ሥራ የለወጡት ስዊድናውያን ናቸው። በርቲል አልድማን የተባሉት ተመራማሪ የጠፈርተኞችን አቀማመጥ አይተው የነደፉት የልጅ መቀመጫ እ.ኤ.አ. በ1964 በቮልቮ መኪና ውስጥ ተሞከረ። ዛሬም በስዊድን ብዙ ልጆች እስከ አራት ዓመት ገደማ ፊታቸውን ወደ ኋላ አድርገው ይጓዛሉ።

እኛ ዘንድ ልጁ ዓመት ሲሞላው «አድጓል፣ መንገዱን ይይ» ብሎ ማዞር የተለመደ ነው። ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ ማለፍ እንደ ሹመት ይታያል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ በእያንዳንዱ ሽግግር ልጁ ጥቂት ጥበቃ ያጣል። ስለዚህ ባለበት ደረጃ መቀመጫው እስከፈቀደለት የመጨረሻ ልክ ድረስ ይቆይ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚመክረው ይህንኑ ነው። አር 129 የሚባለው የአውሮፓ ደንብ ደግሞ ከ15 ወር በፊት ማዞርን ይከለክላል፤ ይህ ዝቅተኛው ወለል እንጂ ግቡ አይደለም። እግሩ የወንበሩን መደገፊያ ነክቶ ቢታጠፍም አይስጉ፤ ልጆች እግራቸውን አጣጥፈው መቀመጥ አያስቸግራቸውም።

እጀታ ያለውና እንደ ቅርጫት የሚነሳው የጨቅላ መቀመጫ ለመሸከም ይመቻል፤ ብዙውን ጊዜ ግን 13 ኪሎ አካባቢ ሲደርስ ያበቃል። ገንዘብዎ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ በሁለቱም አቅጣጫ የሚያገለግለውን እንዲገዙ እመክራለሁ። ብዙዎቹ ፊት ወደ ኋላ ሆኖ እስከ 18 ኪሎ ይይዛሉ። ለአራስ የሚገዙ ከሆነ ዝቅተኛውን ክብደት ማየት አይርሱ።

አንድ ነገር ያለ ምንም ልዩነት ይጠበቅ፦ ፊቱ ወደ ኋላ የሆነ መቀመጫ ኤርባግ በሚሠራበት ጋቢና ፈጽሞ አይቀመጥም። ኤርባጉ ሲፈነዳ የሚመታው የመቀመጫውን ጀርባ፣ ማለትም የሕፃኑን ራስ ነው።

ደረጃ 3፦ መኪናዎ ቀበቶውን ይቆልፍ እንደሆነ ይፈትኑ

እኔን ያሳሳተኝ ይህ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ሞዴል ጀምሮ የተሸጡ የቤት መኪኖች የተሳፋሪ ቀበቶ የልጅ መቀመጫ አጥብቆ እንዲይዝ መቆለፍ መቻል አለበት። ከአሜሪካ የሚመጡት መቀመጫዎችም ብዙውን ጊዜ ይህን ታሳቢ ያደርጋሉ። በአዲስ አበባ የምንነዳቸው መኪኖች ግን ከየአገሩ የመጡ ናቸው፤ የአንዳንዶቹ ቀበቶ የሚይዘው ድንገት ፍሬን ሲያዝ ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ ቀስ እያለ ይላላል።

ፍተሻው ቀላል ነው። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ይሳቡትና ቀስ ብለው ይልቀቁት። ቀጭ ቀጭ እያለ ከተመለሰና እንደገና ሲስቡት እምቢ ካለ፣ ይቆልፋል። ካልቆለፈ፣ ቀበቶውን ራሱ ነክሶ የሚይዝ መቆለፊያ ያለው መቀመጫ ይፈልጉ። ወይም በመመሪያው የተፈቀደ ከሆነ፣ የጭኑንና የትከሻውን ቀበቶ አንድ ላይ የሚይዘውን ትንሽ የብረት ማያያዣ ይጠቀሙ፤ ዘለበቱ ውስጥ ከሚገባው ብረት አጠገብ፣ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይገባል። እኛ በመጨረሻ የተገላገልነው በዚህ ነው።

ሌላው አማራጭ ኢሶፊክስ፣ ማለትም መቀመጫውን ያለ ቀበቶ በቀጥታ ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ዘዴ ነው። እጅዎን በኋላ ወንበሩ መደገፊያና መቀመጫ መካከል ሰደድ ሲያደርጉ ሁለት የብረት ቀለበቶች ከነኩ፣ መኪናዎ አለው ማለት ነው። አሜሪካኖች ላች ይሉታል፤ እዚያ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በአዳዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ ነው። ቀለበቶቹ የክብደት ገደብ ስላላቸው ልጁ ሲከብድ ወደ ቀበቶ መመለስ ሊያስፈልግ ይችላል። ቀበቶውንና ኢሶፊክሱን አንድ ላይ ማሰር የበለጠ ይጠነክራል ብለው ግን አይሞክሩ፤ መመሪያው ካልፈቀደ ከሁለት አንዱን ብቻ ይጠቀሙ።

ሲያስሩ በጉልበትዎ መቀመጫውን ወደ ታች ተጭነው ቀበቶውን ይሳቡ። ሲጨርሱ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ይዘው ይነቅንቁት፤ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ እንደገና ይሰሩት። ለአራስ የመቀመጫው ዘንበል ማለትም ወሳኝ ነው፤ ቀጥ ካለ ራሱ ወደ ደረቱ ወድቆ መተንፈሻውን ሊያጥብበት ይችላል። ዝንባሌውን የሚያሳየው ምልክት የሚነበበው መኪናው ሜዳ ላይ ሲቆም ነው፤ በአዲስ አበባ ዳገት ላይ ቆመው ካነበቡት ያሳስትዎታል።

ደረጃ 4፦ ልጁን ያስሩ፤ ጋቢው በኋላ ይደርሳል

ሕፃን በጋቢ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ማሰር ከልማዶቻችን ሁሉ አደገኛው ይመስለኛል፤ የሚደረገው ከፍቅር ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። በግጭት ጊዜ ጨርቁ ይጨመቅና ማሰሪያው ልጁን ሊያሾልከው እስኪችል ይላላል። በስስ ልብስ አስረው፣ ጋቢውን ከላይ ያልብሱት። ማሰሪያውን ትከሻው ላይ በሁለት ጣት ለመቆንጠጥ ይሞክሩ፤ ከተቆነጠጠ ላልቷል። ፊቱ ወደ ኋላ ሲሆን ማሰሪያው ከትከሻው እኩል ወይም ዝቅ ካለ ቀዳዳ ይውጣ፤ ወደፊት ሲሆን ከትከሻው እኩል ወይም ከፍ ካለ። የደረት ማያያዣ ካለው በብብቱ ትይዩ ይሁን።

ደረጃ 5፦ ወደፊት፣ ከዚያ ቡስተር፣ ከዚያ ቀበቶ

ፊቱን ወደፊት ሲያዞሩ ከመቀመጫው አናት የሚወጣውን ማሰሪያ በመኪናው ውስጥ ከተዘጋጀለት ማያያዣ ጋር ያገናኙት። ብዙ ሰው ትርፍ ገመድ መስሎት ይተወዋል፤ ሥራው ግን የልጁ ራስ ወደፊት የሚሄድበትን ርቀት ማሳጠር ነው።

ቡስተር የሚባለው ከፍ ማድረጊያ ልጁን በራሱ አያስርም። የአዋቂው ቀበቶ በሆዱና በአንገቱ ላይ ሳይሆን በዳሌው አጥንት ላይና በትከሻው መሃል ላይ እንዲያልፍ ያደርጋል። ስለዚህ የጭን ቀበቶ ብቻ ባለበት የመሃል ወንበር ላይ አይሆንም። ልጁ ቢያንስ አራት ዓመት ሞልቶት፣ የወደፊቱ መቀመጫ ጠብቦት፣ እንዲሁም ሳይንሸራተትና ቀበቶውን ከጀርባው ሳያደርግ ረጋ ብሎ መቀመጥ የሚችል መሆን አለበት።

ያለ ቡስተር ለመቀመጥ ቁመቱ ወደ 145 ሴንቲ ሜትር መድረስ አለበት፤ ይህም ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሆናል። ጀርባው ወንበሩን ነክቶ ጉልበቱ በጠርዙ ላይ መታጠፍ ከቻለ ደርሷል። ከዚያም በኋላ እስከ 13 ዓመቱ ከኋላ ይቀመጥ።

ደረጃ 6፦ መቀየር ሲገባው ይቀይሩ

መቀመጫ የአገልግሎት ዘመን አለው። በአብዛኛው ከተመረተ ከስድስት እስከ አሥር ዓመት ይሆናል፤ ቀኑ ከታች ወይም ከጀርባ በፕላስቲኩ ላይ ተቀርጾ ወይም ተለጥፎ ይገኛል። መካከለኛ ወይም ከባድ ግጭት የደረሰበት መቀመጫ ከውጭ ሲታይ ምንም ባይሆንም ይቀየራል። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት ተቋም ግጭቱን ቀላል የሚለው አምስት ነገሮች አንድ ላይ ከተሟሉ ብቻ ነው፦ መኪናው በራሱ ተነድቶ ከሄደ፣ ለመቀመጫው ቅርብ የሆነው በር ካልተጎዳ፣ ማንም ተሳፋሪ ካልቆሰለ፣ ኤርባግ ካልፈነዳ፣ መቀመጫውም ላይ የሚታይ ጉዳት ከሌለ። አንዳንድ አምራቾች ከማንኛውም ግጭት በኋላ ቀይሩት ስለሚሉ መመሪያውን ያንብቡ።

ያገለገለ መቀመጫ የሚገዙ ወይም የሚሰጥዎ ከሆነ ሰጪውን ያለ ይሉኝታ ይጠይቁ፤ ተጋጭቶ ያውቃል? መመሪያው አለ? የጎደለ ክፍል አለው? ታሪኩን ከማያውቁት ሰው አለመግዛት ይሻላል። በአውሮፓ የምትኖሩ ደግሞ ከአሜሪካ ዘመድ ሲልክላችሁ ተጠንቀቁ፤ የአውሮፓ ማረጋገጫ ምልክት የሌለው መቀመጫ እዚያ ሕጋዊ አይደለም።

ዘመኑ ያለፈበትን ወይም የተጋጨውን መቀመጫ ለቁራሌ ከመስጠትዎ በፊት ማሰሪያዎቹን በመቀስ ይቁረጡ፤ ፕላስቲኩም ላይ በወፍራም እስክሪብቶ «ተጋጭቷል» ወይም «ጊዜው አልፏል» ብለው ይጻፉበት። ታጥቦና ተወልውሎ ሌላ ቤት የተወለደ ሕፃን እንዳይቀመጥበት።