ትራንዚስተሩን ከመንቀላችሁ በፊት ቮልቴጅ ለኩ

ከአሮጌ ሬዲዮና ቴፕ ላይ ዕቃ እየነቀላችሁ አምፕሊፋየር ለምትሠሩ የጎንደር ልጆች፦ ድምፅ እምቢ ሲል ትራንዚስተሩን (ድምፁን የሚያጎላውን ባለ ሦስት እግር ዕቃ) ለመቀየር አትቸኩሉ። የሙዚቃውን መግቢያ ገመድ ንቀሉና ኃይሉ እንደበራ የመልቲሜትሩን ጥቁር ገመድ ግራውንድ (የኃይሉ ኔጌቲቭ) ላይ ይዛችሁ ሦስቱን እግሮች፣ ቤዝ፣ ኮሌክተርና ኤሚተርን፣ ለኩ።

በ12 ቮልት፣ ቤዙን በ47 (ወደ ፕላስ) እና በ10 (ወደ ግራውንድ) ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከፍላችሁ፣ ኮሌክተር ላይ 3.9 ኪሎ ኦም፣ ኤሚተር ላይ 1 ኪሎ ኦም ካደረጋችሁ ቤዙ 2 ቮልት ገደማ፣ ኤሚተሩ 1.4፣ ኮሌክተሩ 6.5 አካባቢ ማሳየት አለበት። ኮሌክተሩ 12 ካለ ትራንዚስተሩ አልበራም፤ ቤዙም ዜሮ ከሆነ የ47 ኪሎዋን ሬዚስተርና ብየዳዋን እዩ። ኮሌክተሩ ወርዶ ከኤሚተሩ ጋር ከተቀራረበ ደግሞ ወይ የ10 ኪሎዋ ተቆርጣለች፣ ወይ ትራንዚስተሩ ሾርት ሆኗል።

ብዙ ሰው የሚለፋው ግን በእግሮቹ አቀማመጥ ነው። ጠፍጣፋው ፊት ወደ እናንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ ቢሲ 547 የተባለው ትራንዚስተር ከግራ ወደ ቀኝ ኮሌክተር፣ ቤዝ፣ ኤሚተር ነው፤ 2ኤን 3904 ግን ኤሚተር፣ ቤዝ፣ ኮሌክተር። አራዳ ገበያ አንዱን አጥታችሁ ሌላውን ከገዛችሁ አዙራችሁ ክተቱት። እባካችሁ ይህን ሳታዩ አትበይዱ።

ቮልቴጁ ሁሉ ልክ ሆኖ ድምፁ ከሳሳ ከኤሚተሩ ወደ ግራውንድ የሚሄደውን ካፓሲተር ቀይሩ፤ ከአሮጌ ቦርድ የተነቀለ ብዙ ጊዜ ደርቆ ነው የሚገኘው።