ስለ ጌም ቤት ተርም ፔፐር መጻፍ ለምትፈልጉ

ደሴ የምትማሩ ከሆነ፣ ወይም ታች ኮምቦልቻ፣ የምታውቁት ጌም ቤት አይጠፋም። ቴሌቪዥኖች የተደረደሩበት፣ አግዳሚው በተራ ጠባቂ የሞላበት፣ "አሸናፊ ይቀጥላል" የሚባልበት ቤት። መምህሩ ርዕስ ምረጡ ሲል ግን ያ ቤት ትዝ የሚለው ተማሪ ጥቂት ነው። አብዛኛው ወደ "የማኅበራዊ ሚዲያ ተጽዕኖ" ይሮጣል። እኔ ጌም ቤቱን ምረጡ እላለሁ። ጌምም እወዳለሁ፣ መጻፍም እወዳለሁ፣ ሁለቱ እንደሚስማሙም አምናለሁ።

ለምን መሰላችሁ? ጌም ቤት ውስጥ ማስረጃ የሌለው ወሬ አይሄድም። አንዱ "ይሄ አጥቂ ከዚያኛው ይፈጥናል" ካለ ሌላው ወዲያው "ክፈተውና ፍጥነቱን አሳየኝ" ይለዋል። ተከፍቶ ይታያል። ከዚያ ሦስተኛው ይነሳና ቁጥሩ ብቻውን ምን ያደርጋል፣ ኳስ ይዞ ሲዞር ይከብዳል ብሎ ያንኑ ቁጥር ይሞግታል። አካዳሚክ ጽሑፍም ከዚህ የራቀ አይደለም። የሆነ ነገር ትላላችሁ፣ ማስረጃ ታቀርባላችሁ፣ የሚቃወማችሁን ትሰማላችሁ፣ መልስ ትሰጣላችሁ። ጓደኛችሁን "አሳየኝ" የምትሉትን ያህል የራሳችሁንም አንቀጽ አሳየኝ በሉት።

ርዕሱን አጥብቡት

"የቪዲዮ ጌም ተጽዕኖ በወጣቶች ላይ" አይሆንም። የትኛው ጌም? የትኞቹ ወጣቶች? ተጽዕኖ ሲባልስ እንቅልፍ ነው፣ ውጤት ነው፣ ጓደኝነት ነው፣ ገንዘብ ነው? ይህን ርዕስ የያዘ ተማሪ መጨረሻ ላይ "ጥቅምም ጉዳትም አለው" ብሎ ይዘጋል፤ እሱን ደግሞ ሳያጠናም ያውቀዋል።

ጥያቄያችሁ አንድ ሰፈርና አንድ ልማድ ላይ ይረፍ። ደሴ ፒያሳ ወይም ቧንቧ ውሃ አካባቢ ባሉ ጌም ቤቶች ተራ የሚያዘው እንዴት ነው? ቀድሞ የመጣ ይቀድማል ወይስ የቤቱ ደንበኛ? ተሸናፊ ይከፍላል የሚለው ደንብ እንግዳን ልጅ ያስጠጋዋል ወይስ ያርቀዋል? ኮምቦልቻ ከሆናችሁ ፋብሪካዎቹ አሉላችሁ፦ በፈረቃ የሚሠሩ ወጣቶች ጌም ቤት የሚሄዱት መቼ ነው፣ የሚጫወቱትስ እርስ በርስ ነው ወይስ ከተማሪው ጋር ተቀላቅለው? ሴቶችስ? የሚመጡት ከማን ጋር ይመጣሉ፣ የማይመጡት የት ይጫወታሉ፣ ስልካቸው ላይ? በእኔ እምነት ከሁሉም የሚሻለው ይሄኛው ጥያቄ ነው፤ ጌም ቤት በመቀመጥ ብቻ አይመለስምና። እዚያ የሌሉትን ሰዎች ፈልጎ ማናገር ይጠይቃል።

ጥያቄው ጥሩ መሆኑን ለማወቅ መልሱን ጮክ ብላችሁ ተናገሩት። ሰምቶ "ኧረ አይደለም!" ሊል የሚችል ሰው ካለ ጥሩ ነው። ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ የሚያልፈው ከሆነ ቀይሩት።

"ምንም አልተጻፈም" አትበሉ

ፕሮፖዛል ላይ ሁሉም የሚጽፋት ዓረፍተ ነገር አለች፦ በዚህ ርዕስ ላይ በኢትዮጵያ የተሠራ ጥናት የለም። መጀመሪያ ፈልጉ። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ገበጣ ሰፋ ያለ ጥናት በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ያወጡት በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ጨዋታን አክብሮ መዝግቦ የማጥናት ነገር እዚህ አገር አዲስ አይደለም ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ ያው ገበጣ አዲስ አበባ ባለው ቅኔ ጌምስ በሚባል ጌም ሠሪ ድርጅት የስልክ ጌም ሆኗል። እነዚህን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ መግቢያ "ከጊዜ ወደ ጊዜ ቴክኖሎጂ እየረቀቀ በመጣበት በአሁኑ ዘመን" ከሚለው በብዙ ይሻላል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ግቡና ስለ ወጣቶች መዝናኛ የተሠሩትን እዩ። ጌም ስተዲስ የሚባለው ጆርናል ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ይነበባል። ጎግል ስኮላር ላይ ስትፈልጉ የራሳችንን ቤቶች ብቻ አትፈልጉ፤ በሌሎች አገሮች ስለ ኢንተርኔት ካፌና ስለ ጌም ማዘውተሪያ የተጻፈውም ይጠቅማችኋል። ዶርም ውስጥ ኔትወርክ አስቸጋሪ ከሆነ ፒዲኤፉን አውርዳችሁ ያዙ፣ መብራት ሲጠፋም ስልካችሁ ላይ ታነቡታላችሁ።

ቲዎሪ አንድ ይበቃል። ሆላንዳዊው የታሪክ ምሁር ዮሃን ሁይዚንጋ በ1938 እ.ኤ.አ. ጨዋታ ከተራው ኑሮ የተለየ የራሱ ጊዜና የራሱ ቦታ ያለው፣ ከጥቅምም ከትርፍም ጋር ያልተያያዘ ነገር ነው ብሎ ጽፏል። ይህን ይዛችሁ ጌም ቤት ግቡ። ተሸናፊ ሲከፍል ታያላችሁ። ባለቤቱ ሰዓት እያየ "አለቀ፣ ጨምር" ሲል ትሰማላችሁ። ታዲያ ጨዋታው ከኑሮ የተለየው የቱ ጋ ነው? ስሙን ጠቅሶ ከማለፍ ይልቅ እንዲህ ፊት ለፊት መጠየቅ ነው ቲዎሪን መጠቀም የሚባለው።

ቤቱ ውስጥ

መጀመሪያ ባለቤቱን ወይም የሚያሠራውን ልጅ አናግሩ። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትጽፉ፣ የማንም ስም እንደማይወጣ ንገሩ። ከዩኒቨርሲቲ የትብብር ደብዳቤ ካላችሁ ያዙ፣ ግን ደብዳቤውን እንደ መጥሪያ አታውጡት፤ ወሎ ውስጥ ሰላምታ ይቀድማል። "እንዴት ዋላችሁ" ብሎ ተቀምጦ አንድ ጨዋታ ከፍሎ የተጫወተ ሰው ይቀርቡታል።

ጌም ቤት ልጆች ይበዙበታል። ከ18 ዓመት በታች የሆነን ልጅ ቃለ መጠይቅ ለማድረግ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የልጁም የራሱ ፈቃድ። ለተርም ፔፐር ይሄ ከባድ ስለሆነ 18 የሞላቸውን ብቻ አናግሩ፣ ይህንንም ሜተዶሎጂው ላይ በግልጽ ጻፉት። ፎቶ ባታነሱ ይመረጣል። ከትምህርት ቤት ቀርቶ የተቀመጠ ልጅ ፊቱ በእናንተ ወረቀት ላይ ቢወጣ ጣጣው ለእሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ ንብረት ተዘርፏል፣ ወድሟል። "ቤቱን መቼ ከፈትከው?" የሚለው ተራ ጥያቄ ወደዚያ ሊወስድ ይችላል። ሰውየው ራሱ ካወራ አዳምጡ። ዝም ካለ አትጎትጉቱ። ለወረቀታችሁ ቢጠቅምም እንኳ ተዉት።

ማስታወሻ አያያዝ ላይ ጠንቀቅ በሉ፤ ወረቀቱ የሚሠራው እዚህ ነውና። እዚያው ተቀምጣችሁ ረጅም ነገር አትጻፉ፣ ሰው ይሳቀቃል። ስልክ ላይ አጭር አጭር ቃል ያዙ፦ ማን ተነሳ፣ ማን ተቀመጠ፣ ምን ተባለ፣ ስንት ሰዓት። ማታ ዶርም ስትገቡ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ያቺን ቃል ዘርዝራችሁ ጻፏት። ካደረ ይጠፋል። የምትጽፉት በአማርኛ ይሁን፣ ሰዎቹ በተናገሩበት አፍ፤ ወደ እንግሊዝኛ መመለሱ በኋላ ይደርሳል። ያያችሁትን እና የመሰላችሁን ለየብቻ አስቀምጡ። "ጆይስቲኩን ወርውሮ ወጣ" ያያችሁት ነው። "ተናደደ" የመሰላችሁ ነው። ምናልባት ታክሲ ሊያመልጠው ይሆናል፣ ወይ እናቱ ደውላ ይሆናል፤ ጠይቁት።

ዓይናችሁ ስክሪኑ ላይ ብቻ አይተከል። አግዳሚውን እዩ። የማይጫወቱት ምን ያደርጋሉ? ማን ነው አሰልጣኝ ሆኖ ከኋላ "አቀብል! አቀብል!" የሚለው? ገንዘብ የሌለው ልጅ እዚያ የሚውለው ምን ፈልጎ ነው? የሚጣፍጠው ነገር ብዙውን ጊዜ አግዳሚው ላይ ነው። ደግሞ በተለያየ ሰዓት ሂዱ። የቅዳሜ ከሰዓትና የማክሰኞ ጠዋት ጌም ቤት አንድ ቤት አይመስልም።

ሲጻፍ

አንቀጽ ስትጀምሩ የምትሉትን ነገር አስቀድሙ። "ተራ አያያዝ በጌም ቤት ውስጥ አስፈላጊ ነው" ምንም አይልም። "ባየኋቸው ቤቶች ተራ የሚሰጠው ቀድሞ ለመጣ ቢሆንም፣ ተራውን ለጓደኛው የሚያሳልፍ ልጅ በሚቀጥለው ቀን ቅድሚያ ያገኛል" ግን አንድ ነገር ይላል። እንዲህ ከተባለ አንባቢው ቀጥሎ ማስረጃ ይጠብቃል። ማስታወሻችሁን አውጡና ስጡት። የማይስማማ ነገር ካያችሁም አትደብቁት፣ "አንደኛው ቤት ግን እንዲህ አይሠራም" ብላችሁ አስገቡት። አድቫይዘሩ የሚያምናችሁ እዚያ ላይ ነው።

"ሱስ" የምትለዋን ቃል ተጠንቀቁ። ብዙ ወረቀት ላይ ጌም የሚያበዛ ሁሉ ሱሰኛ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የጌም መታወክ የሚባል አለ፣ መስፈርቱ ግን ጠባብ ነው፦ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው ሕይወት ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳት እየደረሰም መቀጠል፣ ያውም በአብዛኛው ለ12 ወር ያህል የቆየና ትምህርትን ወይ ሥራን ወይ ቤተሰብን በጣም የጎዳ ሲሆን። ይህን የሚለየው ባለሙያ ነው። እናንተ "ብዙ ሰዓት ይጫወታል" በሉና ስንት ሰዓት እንደሆነ ጻፉ። ጓደኞቻችንን በአንድ ቃል በሽተኛ አናድርጋቸው።

የጌሙን ስምም በትክክል ያዙ። ሁሉም "ፊፋ" ይላል፣ ጌሙን የሚሠራው ኤሌክትሮኒክ አርትስ ግን ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ ስም አይሠራም፣ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል። የኮናሚው ፔስም ከ2021 ወዲህ ኢፉትቦል ነው። ቤቱ ውስጥ የሚጫወቱት የትኛውን እንደሆነ፣ በየትኛው ፕሌይስቴሽን እንደሆነ ጠይቁና ጻፉ። ጌምም እንደ መጽሐፍ ሪፈረንስ ውስጥ ይገባል፦ ኤፒኤ በሚባለው የሪፈረንስ አጻጻፍ የሠራው ድርጅት፣ ዓመቱ፣ የጌሙ ስም፣ ቪዲዮ ጌም መሆኑ፣ ከዚያ አሳታሚው።

የኢትዮጵያውያን ደራሲዎች ስም ላይ ብዙ ሰው ይምታታል። የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለምና ስለ ኢትዮጵያ በሚጻፉ ጥናቶች የተለመደው ስምን ከነአባት ስም ሳይገለብጡ ማስቀመጥ ነው። ዲፓርትመንታችሁ ገልብጡ ካለ የእሱን ተከተሉ፣ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ይሁን። ዓመትም እንዲሁ። 2017 ዓ.ም. የጀመረው በ2024 እ.ኤ.አ. መስከረም ነው፤ የትኛውን አቆጣጠር እንደተጠቀማችሁ ካልጻፋችሁ አንባቢ በሰባትና በስምንት ዓመት ይሳሳታል።

ቻትጂፒቲ ሪፈረንስ እንዲሰጣችሁ አትጠይቁ። የሌለ ጽሑፍ ከነደራሲው ፈጥሮ ሊሰጥ ይችላል፣ ስሙ ደግሞ እውነት ይመስላል። ራሳችሁ ከፍታችሁ ያላነበባችሁት ነገር ወረቀታችሁ ላይ አይግባ። እንግሊዝኛውን ማስተካከያ ከፈለጋችሁ መምህሩን የሚፈቀደውን ጠይቁት።

ድራፍቱ ሲያልቅ፣ ከማስገባታችሁ በፊት፣ ወደ ጌም ቤቱ ተመለሱ። ያናገራችኋቸውን ልጆች ሰብስቡና የጻፋችሁትን በአማርኛ ንገሯቸው። "እንደዚያ አይደለም" ማለታቸው አይቀርም። የሚሉትን ጻፉት፣ ልክ ከሆኑ አስተካክሉ፣ ካልተስማማችሁም ሁለቱንም ሐሳብ አስገቡ። ለዚህ ሥራ ከማስገቢያው ቀን በፊት ሁለት ሦስት ቀን ትርፍ ያዙ።