ዘንባባ ግቢያችን ውስጥ ስናሳድግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ዘንባባ ዛፍ ይመስላል እንጂ በዝርያው ከባህር ዛፍ ይልቅ ለሣርና ለበቆሎ ይቀርባል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው እንደማንኛውም ዛፍ ስለምንይዘው ነው።

አናቱን መቁረጥ። ባህር ዛፍ ቢቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የዘንባባ ግንድ ግን የሚያድገው አናቱ ላይ ባለች አንዲት እምቡጥ ብቻ ነው። እሷ ከሄደች አበቃለት። "ረዘመብን፣ እናሳጥረው" የሚባል ነገር የለም። በየወንዙ ዳር የሚበቅለው የአገራችን ዘንባባ ከሥሩ ብዙ ግንድ ስለሚያወጣ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተካዋል። ከካናሪ ደሴቶች የመጣው፣ ለጌጥ የሚተከለው የካናሪ ዘንባባ ግን ባለ አንድ ግንድ ነው፣ ምትክ የለውም። ለሆሳዕና ስትቆርጡም መሃል ላይ እንደ ጦር የቆመውን ያልተፈታ ቅጠል ተዉት። ለቀለበት መሥሪያ ይመቻል፣ እጅም ወደሱ ይሄዳል፤ ግን ወደ ታች ጠልቆ ከተቆረጠ እምቡጧ አብራ ልትጎዳ ትችላለች። ከጎን ከተፈቱት ውሰዱ።

አረንጓዴ ቅጠል መመልመል። ለበዓል "እናሳምረው" ተብሎ አናቱ ላይ አራት አምስት ቅጠል ብቻ የቀረለት ዘንባባ አይታችሁ ይሆናል። እኔን ያናድደኛል! ዘንባባ ፖታሲየም ሲያጥረው ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደ አዲሱን ይመግባል። ቢጫ የሆነውን የታችኛውን ቅጠል ስትቆርጡ ስንቁን ወሰዳችሁበት ማለት ነው፤ ቢጫነቱም ወደላይኞቹ ይሄዳል። ሙሉ በሙሉ ደርቆ ቡናማ እስኪሆን ጠብቁ።

ግንዱ ላይ ሚስማር መምታት። የልብስ ማስጫ ገመድ፣ የሠርግ መብራት፣ ምኑ ቅጡ። የሌላ ዛፍ ቁስል በጊዜ ብዛት ይሸፈናል፤ የዘንባባ ግን እድሜ ልኩን አይድንም። ገመድ ካስፈለገ አላልታችሁ እሰሩ።

ግንዱን መቅበር። ችግኙ እንዳይወድቅ ተብሎ አፈር ይከመርበታል። እንዲህ የተተከለ ዘንባባ ቀስ በቀስ ይዳከማል። ሥሩ ችግኝ ማፍያው ውስጥ በነበረበት ልክ ትከሉት፤ ካዘነበለ በእንጨት ደግፉት፣ ያው ሚስማር ሳትመቱ።

ውሃ። ዋልካ አፈር ላይ ከሆናችሁ ክረምት ላይ ጉድጓዱ ውሃ ቋጥሮ ሥሩን ያበሰብሰዋል። ጉብ ያለ ቦታ ምረጡ። በበጋ ደግሞ አዲስ ተከላ ውሃ ይፈልጋል፣ አትርሱት።

ዩሪያ ብቻ መስጠት። ቅጠሉን ለጊዜው ያለመልመዋል፣ የፖታሲየምና የማግኒዚየም እጥረቱን ግን ያባብሰዋል። የበሰለ ፍግና ኮምፖስት ይሻላል፣ እሱንም ከግንዱ ራቅ አድርጋችሁ።

ኮኮናት አዲስ አበባ ላይ መሞከር። 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለኮኮናት አይሆንም። ካናሪው ብርዱን ይችለዋል። ብቻ ቅጠሉ ሲንዠረገግ ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ከግርጌው ያለው እሾህም ቀልድ አያውቅም። ከአጥርና ከመብራት ሽቦ አርቁት፤ ልጆች ከሚሮጡበት መተላለፊያም እንዲሁ።