የደረቀ የፂም መላጫ ሳሙና ማደስና መዓዛውን መመለስ

በመሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ተረስቶ የቆየ የፂም መላጫ ሳሙና ደርቆ ሲሰነጣጠቅና መዓዛው ሲጠፋ፣ ብዙ ሰው ጊዜው ያለፈበት መስሎት ይጥለዋል። ሆኖም ጠንካራ ሳሙና በውስጡ ያለው ውኃ ጥቂት ስለሆነ በቀላሉ አይበላሽም፤ የሚያጣው በአብዛኛው እርጥበቱንና በፍጥነት የሚተንነውን ሽታ ነው። የሎሚና የብርቱካን ዓይነቶቹ ሽታዎች ቀድመው ይጠፋሉ፤ እንደ ሰንደል እንጨት ያሉት ከባዶቹ ግን ላዩ ሲፋቅ አንዳንድ ጊዜ ከውስጥ ይገኛሉ።

ስለዚህ አስቀድመው ላዩን በቢላዋ ስስ አድርገው ይፋቁና ያሽትቱት። የከረፋ ቅቤ የሚመስል ሽታ ካለው ወይም ብርቱካናማ ነጠብጣብ ከወጣበት ስቡ ተበላሽቷልና ይጣል፤ በሽቶ መሸፈኑ ከንቱ ድካም ነው። ደህና ከሆነ፣ ሙቅ ውኃ አፍስሰውበት ዐሥር ደቂቃ ያህል ካቆዩት በኋላ በብሩሽ ይምቱት። አረፋው ወፍራምና የማይበተን ከሆነ ከሽታው በቀር የጎደለው ነገር የለም።

ለማደስ ሳሙናውን በካሮት መፈቅፈቂያ ይፈቅፍቁት። ለ100 ግራም ፍቅፋቂ አንድ የሾርባ ማንኪያ ለብ ያለ ውኃና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ግሊሰሪን በቂ ነው፤ ውኃው ካነሰ፣ በኋላ መጨመር ይቻላል፣ ከበዛ ግን ማውጣት አይቻልም። ሸፍነው ካሳደሩት በኋላ እንደ ሊጥ ያሹት። ብዙዎች በእሳት ማቅለጥን ይመርጣሉ፤ እኔ አልመክረውም። በፋብሪካ ማሽን ተጨፍልቆ የተሠራ ሳሙና እንደ ቅቤ አይቀልጥም፣ ይልቁንም አየር የያዘ ሙጫ ይሆንና ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ሙቀቱም የሚጨመረውን መዓዛ ያተንነዋል። በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ማቅለጥ የሚስማማው ብርሃን ለሚያሳልፈው የግሊሰሪን ሳሙና ነው።

ከባዱ ጥያቄ የመዓዛው መጠን ነው። ለ100 ግራም ሳሙና 1 ግራም፣ ማለትም ከ20 እስከ 30 ጠብታ መዓዛማ የዕፅዋት ዘይት (የምግብ ዘይት ሳይሆን essential oil የሚባለው) ይበቃል፤ መጀመሪያ የሠራሁት ጊዜ ይህን ከእጥፍ በላይ አሳልፌ ጉንጬ ሲያቃጥለኝ ውሏል። ላቬንደርና የእጣን ዘይት ለፊት የተሻሉ ናቸው። የባሕር ዛፍና የጠጅ ሳር ዘይት ግን ኃይለኞች ስለሆኑ በጥቂት ጠብታ ይጀመራል፤ የቀረፋና የቅርንፉድ ዘይት ቆዳ ስለሚቆጣ ቢቀር ይሻላል። እጣኑን ራሱን ወቅጦ መጨመር ስሕተት ነው፤ ሽታው እምብዛም አይወጣም፣ ድቃቂው ግን ምላጩ ሥር ይገባል። አልኮል ያለበት የገላ ሽቶም ከምላጭ በኋላ ያቃጥላል። ዘይቱን ጨምረው አንድ ዓይነት እስኪሆን ካሹት በኋላ፣ ጥቂቱን በክንድዎ ውስጠኛ ቆዳ ላይ አረፋ አድርገው ቀብተው ያጥቡትና አንድ ቀን ይጠብቁ።

ከዚያም በሸክላ ወይም በብርጭቆ ሳህን ውስጥ አየር እንዳይቀር ጠቅጥቀው ያስገቡት። ሳሙና አልካላይ ስለሆነ አሉሚኒየም ያጠቁራል። ሳይከደን በጥላ ሥር አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ በዚህ ጊዜ ይጠነክራል፣ ስለታም የነበረው ሽታም ይለዝባል። ከዚያ በኋላ አረፋው ደካማ ከሆነ ሳሙናውን ከመውቀስዎ በፊት ውኃውን ይመርምሩ፦ ካልሲየም የበዛበት የጉድጓድ ውኃ የትኛውንም ሳሙና ወደ ዝቃጭ ስለሚለውጥ፣ በዝናብ ውኃ አንድ ጊዜ መሞከር ልዩነቱን ያሳያል።