የጨው ውሃ አኳሪየም ለጀማሪ፦ ከባዶ ገንዳ እስከ መጀመሪያዎቹ ዓሦች

የባሕር ዓሣ ቤቱ ውስጥ ማኖር የሚመኝ ሰው ልቡ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ዓሣው ነው። እኔም ገንዳው ገና ሳይገዛ የዓሦቹን ዝርዝር ጽፌ ጨርሼ ነበር። ዛሬ ምክር የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ ግን ስለ ዓሣ የማወራው መጨረሻ ላይ ነው። የጨው ውሃ አኳሪየም የሚቆመው በዓይን በማይታዩ ባክቴሪያዎች ነው፤ እነሱ ሳይደላደሉ የገባ ዓሣ ይታመማል፣ ብዙውን ጊዜም ይሞታል። ከዚህ በታች ካለው ሁሉ ስለ ባክቴሪያዎቹ የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ።

ገንዳውና ቦታው

ለጀማሪ የምመክረው ከ100 እስከ 200 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ነው። ትንሽ ገንዳ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሳይበላ የቀረ ምግብ በ40 ሊትር ውሃ ውስጥ የሚያደርሰው ብክለት በ150 ሊትር ውስጥ ከሚያደርሰው እጅግ ይከፋል፤ ሙቀቱና የጨው መጠኑም ቶሎ ቶሎ ይዋዥቃል። ባለ 150 ሊትሩ ከድንጋዩ፣ ከአሸዋውና ከመስታወቱ ጋር 200 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ተራ ጠረጴዛ አይችለውም። ጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያስቀምጡት፣ በውሃ ልክ ያስተካክሉት፣ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ያርቁት።

የኤሌክትሪክ ገመዶቹ በሙሉ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ከተንጠለጠሉ በኋላ ወደ ላይ ተመልሰው ይሰኩ። እንዲህ ሲሆን በገመዱ የሚወርድ ውሃ ከዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። የጨው ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ ይህን ለነገ አያሳድሩት።

ዕቃዎቹ

ማሞቂያ፣ ቴርሞሜትር፣ ውሃውን የሚያንቀሳቅሱ ፓምፖች፣ መብራት፣ የመረብ ክዳን፣ የውሃውን የጨው መጠን የሚለካ ሪፍራክቶሜትርና የአሞኒያ፣ የናይትራይት፣ የናይትሬት መመርመሪያ ያስፈልጋል። ፓምፖቹ ባንድ ላይ በሰዓት የገንዳውን ውሃ ቢያንስ 10 እጥፍ የሚያንቀሳቅሱ ይሁኑ። ከአንድ ትልቅ ማሞቂያ ይልቅ ሁለት ትንንሽ ይግዙ። ማሞቂያ ሲበላሽ አንዳንዴ ሳይጠፋ ይቀራል፤ ትልቁ ከሆነ ውሃውን በአንድ ሌሊት ዓሣ የማይቋቋመው ሙቀት ላይ ያደርሰዋል፤ ትንሹ ግን ብቻውን ያን ያህል አቅም የለውም።

ፕሮቲን ስኪመር የሚባለው መሣሪያ ውሃውን በጣም ደቃቅ ከሆኑ የአየር አረፋዎች ጋር ያደባልቀዋል። በውሃው የሟሟው ቆሻሻ አረፋዎቹ ላይ ተጣብቆ ወደ ላይ ይወጣና ኩባያ ውስጥ ይጠራቀማል። በየሳምንቱ ውሃ ለሚቀይር ጥቂት ዓሣ ብቻ ያለው ሰው የግድ አይደለም፤ ገንዘብ ካለ ግን ጥሩ ነው። ውድ መብራት የሚያስፈልገው ለኮራል ነው። ዓሣ ብቻ ለሚያኖር ሰው ተራ መብራት ይበቃዋል፤ በዚያ የተረፈውን ገንዘብ ሪፍራክቶሜትሩና ከዚህ በታች የማነሳው የቧንቧ ውሃ ማጣሪያ ላይ ያውሉት።

ከሪፍራክቶሜትር ርካሽ የሆነው ባለ ጠቋሚ ሃይድሮሜትር ነው። እኔ አልወደውም። ጠቋሚው ላይ ጥቃቅን አረፋ ከተለጠፈ ወደ ላይ ያነሳውና የጨው መጠኑን ከእውነቱ በላይ ያሳያል። ሪፍራክቶሜትሩንም ቢሆን በንጹህ ውሃ ብቻ አስተካክለው አይመኑት፤ ጨውነቱ ከሺህ 35 የሆነ የማስተካከያ ፈሳሽ አለ፣ በእሱ ይለኩት።

ውሃና ጨው

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ወይም ክሎራሚን ይኖረዋል፤ ፎስፌት፣ ናይትሬትና መዳብም ሊኖሩት ይችላሉ። ማፍላት የሟሙትን ማዕድናት አያስወግድም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበልጥ ይከማቻሉ። የሚሻለው በሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ አልፎ የተጣራ ውሃ ነው። የወጥ ቤት ጨው ደግሞ አይሆንም። የባሕር ውሃ ከሶዲየምና ከክሎራይድ ሌላ ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሰልፌት አለው፤ ለአኳሪየም ተብሎ የሚሸጠው ጨው እነዚህን በልካቸው ይዟል።

ለአንድ ሊትር ውሃ ከ35 እስከ 38 ግራም ይገባል። ጨውን ወደ ውሃ ይጨምሩ፤ ውሃን ጨው ላይ አያፍስሱ። ደረቅ ጨው ላይ ጥቂት ውሃ ሲፈስ ከታች በጣም የከረረ ብጥብጥ ይፈጠርና ካልሲየሙ ከካርቦኔት ጋር ተጣብቆ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል፤ አንዴ ከዘቀጠ ተመልሶ በቀላሉ አይሟሟም። ሳሙና ነክቶት በማያውቅ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ በፓምፕ እያንቀሳቀሱ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ እያሞቁ አንድ ቀን ያቆዩት። ከንጹህ ውሃ አንጻር ያለው ጥግግቱ በሪፍራክቶሜትሩ ከ1.025 እስከ 1.026 ሲሆን ደርሷል። ለመጀመሪያው ሙሌት ግን ገንዳው ገና ባዶ ስለሆነ እዚያው ውስጥ መበጥበጥ ይቻላል።

ድንጋዩ ከአሸዋው ይቅደም። ለ100 ሊትር ከ10 እስከ 12 ኪሎ ባለ ብዙ ቀዳዳ ድንጋይ በቂ ነው፤ በቀጥታ በገንዳው ወለል ላይ ይደርደርና ሲገፉት የማይነቃነቅ ይሁን። አሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ፣ ዓሣ ወይም ሽሪምፕ ከሥሩ ሲቆፍር ተንዶ መስታወት ይሰብራል። ከዚያ የታጠበ የአራጎናይት (ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠራ) አሸዋ ከ3 እስከ 5 ሴንቲሜትር ያልብሱት። ከባሕር የወጣ ሕይወት ያለው ድንጋይ ባክቴሪያ ይዞ ስለሚመጣ ሥራውን ያፋጥናል፤ ነገር ግን አይፕቴዥያ የተባለውን ተዛማች አኒሞን (አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ) ይዞ ሊገባ ይችላል። እኔ ደረቁን መርጬ መታገሥን እመርጣለሁ።

ባክቴሪያዎቹን ማራባት

ዓሣ ከመተንፈሻው አሞኒያ ያወጣል፤ የተረፈ ምግብና ዓይነ ምድርም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው፣ በጨው ውሃ ደግሞ ይብሳል። የባሕር ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲቀንስ አሲድነቱ ይጨምራል) 8.2 አካባቢ ነው። በዚህ ልክ፣ መርዛማው የአሞኒያ ድርሻ ፒኤቹ 7 ከሆነ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ከ10 እጥፍ በላይ ነው። በድንጋዩና በአሸዋው ላይ የሚኖሩ እንደ ናይትሮሶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል። ሌሎች፣ በተለይ ናይትሮስፓይራ፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። የናይትሬት ጉዳቱ አነስተኛ ነው፤ በውሃ ቅየራም ይወገዳል። ችግሩ እነዚህ ባክቴሪያዎች ቀርፋፋ መሆናቸው ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ሲባዙ፣ እነዚህ ቁጥራቸው እጥፍ እንዲሆን ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋሉ። ለዚህ ነው ሥራው ከ4 እስከ 6 ሳምንት የሚወስደው።

እኔ ይህን አንብቤ ነበር። ደረቅ ድንጋይና ጨው ውሃ ሞልቼ፣ ፓምፑን አስነስቼ አምስት ሳምንት ሙሉ ጠበቅኩ። ስመረምር አሞኒያ ዜሮ፣ ናይትራይት ዜሮ። ትዕግሥቴ ፍሬ አፈራ ብዬ ሁለት ክላውንፊሽ አስገባሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ሁለቱም ከውሃው የላይኛው ገጽ ሥር ሆነው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ፤ የአሞኒያ መመርመሪያው ከቢጫ ወደ ደማቅ አረንጓዴ ተለወጠ። ግማሹን ውሃ ቀየርኩ፣ በማግስቱም እንደገና። ትልቁ ተረፈ፣ ትንሹ ሞተ። ያ ሞት በእኔ እጅ ስለደረሰ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ስህተቴን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ አምስቱን ሳምንት ለባክቴሪያዎቹ የሚበሉትን አልሰጠኋቸውም። አሞኒያው ዜሮ የነበረው የሚበላው ኖሮ ሳይሆን ከመጀመሪያውም ስላልነበረ ነው። ባዶ ውሃ ምንም ያህል ቢቆይ ባክቴሪያ አያፈራም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ሽቶም ሳሙናም ያልገባበት የአሞኒየም ክሎራይድ ብጥብጥ ይግዙና አሞኒያው በሊትር 2 ሚሊግራም እስኪደርስ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። ከ5 እንዳያልፍ፤ ሲበዛ ባክቴሪያዎቹንም ያዳክማቸዋል። በጠርሙስ የሚሸጥ የባክቴሪያ ፈሳሽ መጨመር ጊዜውን ያሳጥራል፤ አቋራጭ የምቀበለው እሱን ብቻ ነው። ሙቀቱን ወደ 27 ዲግሪ ከፍ ያድርጉት። ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅን ስለሚፈልጉ ፓምፑ ለአፍታም አይጥፋ፤ መብራቱ ግን አልጌ (በውሃ ውስጥ የሚያድግ ዕፅዋት መሰል ነገር) እንዳይመግብ ይጥፋ።

በየሁለት ቀኑ ይመርምሩና ይጻፉ። መጀመሪያ አሞኒያው መውረድ ይጀምራል፣ ናይትራይቱም ይወጣል። አሞኒያው ዜሮ ሲገባ መልሰው 2 ያድርሱት። ናይትራይቱ ለሳምንታት ከፍ ብሎ ይቆይና የማይወርድ ይመስላል፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ዓሣ የሚያስገባው እዚህ ላይ ነው። ይጠብቁ። ጨርሷል የሚባለው፣ ዛሬ 2 ሚሊግራም አሞኒያ ጨምረው ነገ በዚያው ሰዓት ሲመረምሩ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ ነው። ከዚያ ግማሽ ያህሉን ውሃ ቀይረው የተጠራቀመውን ናይትሬት ያውጡ፣ ሙቀቱን ወደ 25 ይመልሱ። ዓሣው እስኪገባ ድረስ ባክቴሪያዎቹ እንዳይራቡ ትንሽ አሞኒያ መስጠትዎን አያቋርጡ።

በእነዚህ ሳምንታት ሌላም ልማድ ይጀመር። ውሃው ይተናል፣ ጨው ግን አይተንም። የጎደለውን በጨው ውሃ የሚሞላ ሰው የጨው መጠኑን በየቀኑ እያከረረ ነው። መስታወቱ ላይ በፕላስተር መስመር ያድርጉና የተነነውን በየቀኑ ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ይተኩ። የጨው ውሃ የሚጨመረው ውሃ ሲቀየር ብቻ ነው፤ ዓሣ ከገባ በኋላ በየሳምንቱ 10 በመቶ ይበቃል። ድንጋዩ ላይ ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነገር ቢታይ አይደንግጡ፤ ዳያተም የተባለ ደቃቅ አልጌ ነው፣ በራሱ ይጠፋል።

እነማን ይግቡ?

መጀመሪያ አልጌ የሚበሉ ጥቂት ቀንድ አውጣዎች። ዓሦቹ አንድ ወይም ሁለት እየሆኑ፣ በመካከላቸው ሁለት ሦስት ሳምንት እየተተወ ይግቡ፤ ባክቴሪያው ከአዲሱ ጭነት ጋር እስኪስተካከል ጊዜ ይፈልጋል። ለ150 ሊትር አራት ወይም አምስት ትንንሽ ዓሣ ይበቃል። ክላውንፊሽ፣ በተለይ አምፊፕሪዮን ኦሴላሪስ፣ ለጀማሪ ከሁሉ ይሻላል፤ ሰው እጅ ላይ የተፈለፈለውን ይምረጡ፣ ጤነኛና ደረቅ ምግብ የለመደ ነው። ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚያድጉት፤ ከሁለቱ የበላይ የሆነው ወደ ሴትነት ይለወጣል። ስለዚህ መጠናቸው የሚለያይ ሁለት ወጣቶች አብረው ቢገቡ ብዙውን ጊዜ ሳይጣሉ ይጣመራሉ። አኒሞን የግድ አያስፈልጋቸውም፤ አኒሞን ራሱ ጠንካራ መብራትና የቆየ ገንዳ ይፈልጋል። ፊቱ ሐምራዊ፣ ኋላው ቢጫ የሆነው ሮያል ግራማ፣ ባንጋይ ካርዲናልና ፋየርፊሽ ጥሩ ጎረቤቶች ናቸው። የመረብ ክዳኑን የግድ የሚያደርገው ፋየርፊሹ ነው፤ ሲደነግጥ ይዘላል።

ሰማያዊው ታንግ እስከ 30 ሴንቲሜትር ስለሚያድግ ይቅር። ማንዳሪን የተባለው ዓሣ የሚበላው ሕይወት ያላቸውን ደቃቅ ፍጥረታት ነው፤ አዲስ ገንዳ ውስጥ በረሃብ ያልቃል። ዳምሰል ርካሽና ጠንካራ ነው፣ ግን አብዛኛው ዝርያ ከእሱ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ ያሳድዳል።

አዲስ ዓሣ መጀመሪያ ወደ ለይቶ ማቆያ ይሂድ፤ 40 ሊትር የሚይዝ ሌላ ገንዳ፣ ማሞቂያ፣ መደበቂያ የሚሆን የፕላስቲክ ቱቦና በትልቁ ገንዳ ውስጥ ቀድሞ ባክቴሪያ የያዘ ስፖንጅ ማጣሪያ ይበቃል። ቢያንስ አራት ሳምንት ያቆዩት። ክሪፕቶካርዮን የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ ዓሣው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል። የተለመደው መድኃኒት መዳብ ነው፤ መዳብ ደግሞ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕ ይገድላል። ስለዚህ ትልቁ ገንዳ ውስጥ ማከም አይቻልም፤ ተውሳኩ አንዴ እዚያ ከገባ ዓሦቹን በሙሉ አውጥቶ ከ10 ሳምንት በላይ ባዶ ማቆየት ያስፈልጋል።

ዓሣው የመጣበትን ከረጢት ሳይፈቱ ውሃው ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያንሳፍፉት፤ ሙቀቱ ይመጣጠናል። የለይቶ ማቆያውን የጨው መጠን አስቀድመው ከከረጢቱ ጋር ካስተካከሉት ሌላ ማላመድ አያስፈልግም። ረጅም መንገድ የተጓዘን ዓሣ ለማላመድ ከረጢቱን ከፍተው የገንዳ ውሃ ለሰዓታት ማንጠባጠብ ይጎዳዋል። በመንገድ አሞኒያ ተጠራቅሟል፣ ፒኤቹ ግን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ምክንያት ዝቅ ስላለ መርዙ ተገትቷል። ከረጢቱ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሳል፣ መርዙም ይበረታል። ዓሣውን በኩባያ ይያዙና ያስገቡ፤ የከረጢቱ ውሃ ይደፋ።

መብራቱን ያጥፉና ያን ምሽት አይመግቡት። በማግስቱ በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ብቻ ይስጡ። ሁለት ሦስት ቀን ሳይበላ ቢቆይ መጀመሪያ አሞኒያውን ይመርምሩ፤ ዜሮ ከሆነ በረዶ ሆኖ የሚሸጥ አርቴሚያ (ሽሪምፕ መሰል ደቃቅ ፍጥረት) አቅልጠው ያቅርቡለትና ከገንዳው ፊት ራቅ ብለው ይጠብቁት።