የሆድ ዋና ደም ቅዳ ሲፈነዳ፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አኦርታ ከልብ ተነሥቶ በደረትና በሆድ በኩል የሚወርደው ትልቁ ደም ቅዳ ነው። ሆድ ውስጥ ስፋቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግድግዳው ሲደክም ያብጣል፤ ለዓመታት ምንም ላያሳምም ይችላል። ከፈነዳ ግን ብዙ ሰው ሆስፒታል ሳይደርስ ይሞታል። የደረሰውም ቢሆን በስህተት ሊጠፋ ይችላል።

የመጀመሪያው ስህተት «የኩላሊት ጠጠር ነው» ብሎ ማስታገሻ ሰጥቶ መሸኘት ነው። ዕድሜው የገፋ፣ በተለይ ሲጋራ ያጨሰ ሰው ወገቡን ወይም ጎኑን ድንገት ካመመው መጀመሪያ አኦርታው ይታይ። ሕመም፣ የደም ግፊት መውረድና ሆድ ላይ የሚመታ እብጠት አንድ ላይ እስኪታዩ መጠበቅ አያዋጣም። ሦስቱም የሚሟሉት ከግማሽ በታች በሆኑ ታማሚዎች ላይ ነው። አልትራሳውንድ እብጠቱን እዚያው አልጋው ላይ ያሳያል።

ሁለተኛው ደግነት የሚመስል ስህተት ነው፤ ግፊቱ ወረደ ተብሎ ግሉኮሱ በላይ በላዩ ይንቆረቆራል። በሕይወት የደረሰ ታማሚ የተረፈው የረጋ ደምና በዙሪያው ያለው ሥጋ ቀዳዳውን ስለያዙለት ነው። ግፊቱ ሲጨምር ያ መድፈኛ ሊለቅ ይችላል። ፈሳሹም ደሙን ያቀጥናል፣ ሰውነትን ያቀዘቅዛል፣ ደሙ እንዳይረጋ ያደርጋል። ታማሚው ነቅቶ የሚያወራ ከሆነ የላይኛው ግፊት ከ70 እስከ 90 ይበቃዋል። መተካት ካለበት ደግሞ በደም ይተካ።

ማደንዘዣ ላይም መቸኮል አደጋ አለው። ማደንዘዣው ጡንቻን ያላላል፤ ግፊቱ ድንገት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ሆድ የሚከፈት ከሆነ ቆዳው ተጠርጎ፣ ጨርቁ ተነጥፎ፣ ቀዶ ሐኪሙ ቢላውን ይዞ ሲቆም ነው መስጠት።

በብሽሽት በኩል ገብቶ ደም ቅዳውን ከውስጥ የሚደግፈው ቱቦ፣ ስቴንት፣ ሆድ ከመክፈት ሁሌም ይበልጣል ማለትም ልክ አይደለም። በዋናነት በብሪታንያ የተካሄደው ኢምፕሩቭ የተባለ ጥናት በ2014 ውጤቱን ሲያወጣ፣ በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ስቴንት ይቀድም በተባለው ቡድን 35፣ ሆድ ይከፈት በተባለው 37 በመቶ ያህል ነበሩ። የደም ቅዳው ቅርጽ የማይፈቅድለትም አለ። ከተቻለ ግን ሙሉ ማደንዘዣ ስለማይፈልግ ትልቅ ጥቅም አለው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያበጠን ሆድ በግድ መስፋትም ኩላሊትንና አንጀትን ያፍናል። ለጥቂት ቀን ክፍት መተው ይሻላል።

ብሪታንያ የምትኖሩ አባቶች፣ 65 ሲሞላችሁ ለነጻ የአልትራሳውንድ ምርመራ ትጠራላችሁ። «ምንም አላመመኝም» ብላችሁ ደብዳቤውን አትጣሉት። እብጠቱ 5.5 ሳንቲ ሜትር ከደረሰ ሳይፈነዳ በቀጠሮ ይሠራል፤ አደጋውም ከፈነዳ በኋላ ካለው በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው።