ረጅም ቃል ቤት አልመታ ሲል፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ስንኙን የሚዘጋው ብዙ ጊዜ ቅጥያ የተሸከመ ረጅም ግሥ ነው። የዘፈንም የግጥምም ችግር በአብዛኛው ከዚሁ ይመነጫል።

ምልክት፦ ቤቱ ይመታል (የስንኞቹ መጨረሻ በድምፅ ይገጥማል)፣ ግን ለጆሮ አይጥምም።
ምክንያት፦ የገጠመው ቅጥያው ብቻ ነው። «አልተመለሰችም»ን ከ«አልተናገረችም» ጋር የሚያገናኘው «ችም» ነው፤ እሱ ደግሞ ስለ «እሷ» በሚነገር ያለፈ ጊዜ አሉታ ሁሉ ላይ የሚመጣ ስለሆነ ጆሮ አዲስ ነገር አያገኝበትም።
መፍትሄ፦ ከፊት «አል»ን፣ ከኋላ «ችም»ን ገፈው «ተመለሰ»ን ያስቀሩ። የመጨረሻ ሥር ፊደሉ «ሰ» ነው። በዚያው የሚያልቁ ግሦችን ይደርድሩ፦ ደረሰ፣ ጨረሰ፣ ቀመሰ፣ አለቀሰ፣ አስታወሰ። ከዚያ ያንኑ ቅጥያ መልሰው ያልብሷቸውና ቀለም (ሲነገር የሚሰማውን የድምፅ ክፍል) ይቁጠሩ። «አልተመለሰችም» 6 ቀለም ነው፤ የወል ቤት የሚባለውን የግጥም ስልት (እያንዳንዱ ስንኝ 6+6 ቀለም የሆነውን) አንድ ሐረግ፣ ማለትም የስንኙን ግማሽ፣ ብቻውን ይሞላል። «አልደረሰችም» 5 ስለሆነ አንድ ይጎድለዋል። «አላለቀሰችም» ግን ልክ 6 ነው፦

ካገር እንደወጣች አልተመለሰችም፤
ደብዳቤው ሲደርሳት አላለቀሰችም።

እዚህ «ሰችም» ብቻ ሳይሆን ከፊቱ ያሉት ግዕዞችም (የመጀመሪያ ቅርጽ ፊደላት፦ «መለ» እና «ለቀ») ተስማምተዋል፤ «ለ» እና «ቀ»ም ሁለቱም ይጠብቃሉ። ጥሩ ቤት የሚባለው ይህ ነው።

ቀለም ሲቆጥሩ ፊደል አይቁጠሩ። «መንግሥት» 5 ፊደል ተጽፎ ሲነገር 2 ቀለም ነው፤ ሳድሱ ብዙውን ጊዜ ይዋጣል።

ምልክት፦ ወረቀት ላይ ይገጥማል፣ ሲዜም ይሰናከላል።
ምክንያት፦ መጥበቅና መላላት በጽሑፍ አይታይም። «ትመጫለሽ» ላይ «ለ» ይጠብቃል። ስለዚህ «ምን አለሽ» ምን ይዘሻል ለማለት ከሆነ በደንብ ይገጥማል፤ ምን ብሎሽ ነው ለማለት ከሆነ ግን «ለ» ስለሚላላ ዜማው እዚያ ላይ ይሰበራል።
መፍትሄ፦ በዓይን ሳይሆን ጮክ ብሎ፣ ከነምቱ ማንበብ። ምሳሌው ሌላም ነገር ያሳያል፤ ለረጅም ቃል ጓደኛ ሲጠፋ ሁለት አጫጭር ቃላት ተጋግዘው ቤቱን ይመታሉ።

ምልክት፦ «ኢትዮጵያዊነት»፣ «ሰብአዊነት»፣ «ጀግንነት» እየተከታተሉ ግጥሙ ንግግር ይመስላል።
መፍትሄ፦ አንዱን ብቻ አስቀርተው «ነት» ስም መፍጠሪያ ቅጥያ ካልሆነበት ቃል ጋር ያጋጥሙት፦ እውነት፣ ዓይነት፣ እምነት።

ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ሀ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ አያስጨንቁዎ። ዘመዳም ፊደላትም (ና ከኛ፣ ሳ ከሻ) ያስኬዳሉ፤ ራብዑ ከራብዕ፣ ሳድሱ ከሳድስ ጋር እስከሄደ ድረስ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ቤት ከጠፋ የስንኞቹን ቦታ ይቀያይሩ። አድማጭ ይበልጥ የሚይዘው ሁለተኛውን ስንኝ ነው፤ ስለዚህ ለቤት ሲባል የመጣውን ቃል በመጀመሪያው ስንኝ ያሳርፉት፣ ሊሉት የፈለጉትን ደግሞ በሁለተኛው።